የስምንቱ ኩሬ ካርፖች

መጋቢት 3

ለሩቁ ወንድሜ፣ ለጭራሮዬ፤

እንደምን ከረምክ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኔም ልጆቹም በጤና አለን፤ የጎደልከን አንተ ብቻ ነህ። አባባ በሕይወት ቢኖር ዛሬ መርቆህ አይጠግብም ነበር። እሱ ስለሌለ እኔው ልመርቅህ፤ የያዝከው ይባረክልህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ በሰው አገር ሰው አያሳጣህ።

መረቡ ደረሰኝ። ያ የላክኸው ሰውዬ ከአውሮፕላን በወረደ በማግስቱ እቤቴ ድረስ መጥቶ አስረከበኝ። ላስቲኩን ስፈታው ውሃው ገና ጠብ ጠብ ይላል። «ምነው ይሄ ልጅ ሳያደርቀው ላከው?» ብዬ ሳቅሁብህ። ድሮም እርጥብ ልብስ አጣጥፈህ ሳጥን ውስጥ የምትከት ሰነፍ ነህ። ግን እንዴት ያለ መረብ ነው እባክህ! ቋጠሮ የሚባል የለውም፣ እንደ ሕፃን ልብስ የለሰለሰ። የኛ መረብ ቅርፊታቸውን እየገሸለጠ ስንት እናት ካርፕ ዓሣ እንዳቆሰለብን ታውቃለህ። በዚህኛው እመትን አወጣኋትና አንድ ቅርፊት አልጎደለባትም። እመት አሁንም ያው ናት፤ አንተ ጥርስ ስታበቅል አባባ ኩሬ የከተታት ጢማም ዛሬም ያንን ጥርስ አልባ አፏን ከፍታ ጣቴን ትጠባለች። እንደ በግ ከብዳለች። ሆዷ በእንቁላል ተወጥሮ ሳይ የራሴ እርግዝና ትዝ ይለኛል።

የሰፈራችንን ደንብ መቼም አትረሳውም። በእንቁላል ወቅት ጥሩ መረብ ያለው ሰው ለብቻው አይዝም፤ ከአንዱ ኩሬ ወጥቶ ሳይደርቅ ወደ ሌላው ይገባል። ከደረቀ ረድኤቱ ይሄዳል ብለው ያምናሉ፣ እኔም አምናለሁ። እናም ያንተ መረብ እርጥቡን ስምንቱንም ኩሬ በሦስት ቀን ዞረ። ባለወፍጮዋ ስትመልስልኝ መረቡን ስማ ነው የሰጠችኝ። «ወንድምሽ ይደግልሽ» እያለ የማይመርቀኝ የለም፤ ኩራቴ ጣራ ነካ። እንቁላሉ የሚጣበቅበትን ሣር አስረን ውሃው ላይ ዘርግተናል፤ አሁን መጠበቅ ብቻ ነው። ከቻልክ አንድ ሌላ መረብ ላክልኝ፣ ሰው ሁሉ ጨቅጭቆ ሊገድለኝ ነው።

መጋቢት 14። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ሳላደርሰው ሰነበትኩ። ከትናንት ጀምሮ ሁለት ካርፖች ውሃው መግቢያ ጋ ተለጥፈው አየር ይውጣሉ። ሙቀቱ ይሆናል። አንተ የትልቅ የዓሣ እርሻ ሰው ስለሆንክ ምን ላድርግላቸው?

የምትወድህ እህትህ


ሚያዝያ 2

ለእናቴ ምትክ፣ ለእትዬ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ አደጉ? ጉልበትሽን ሳምኩ። ምርቃትሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ለእኔ አይገባም፤ ቢሆንም እግዜር ይስጥልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ሥራም ደህና ነው። እርግጥ ለጊዜው ከኩሬው ሥራ አንስተው ጽዳት ላይ አድርገውናል፤ ቀኑን ሙሉ ኖራ እንነሰንሳለን። ምክንያቱ ረጅም ስለሆነ ይቅር።

የታመሙትን ቶሎ ለይተሽ በርሜል ውስጥ አድርጊያቸውና ጨው ጨምሪበት። እስቲ ዓይናቸውን እዪልኝ፤ ወደ ውስጥ ገብቷል ወይ? የመተንፈሻቸውን ክዳን ገልጠሽ ደግሞ ቀዩ ሥጋ ነጣ ነጣ ብሎ እንደሆነ ንገሪኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። መረቡን ለማንም እንዳታውሺ። ያዋስሽው ካለም አስመልሺና ፀሐይ ላይ አስጪው፤ ድርቅ ይበል። ደንቡን አውቃለሁ፣ አሮጊቶቹ ይቆጡሻል፣ ለዘንድሮ ብቻ ይለፈኝ በያቸው። ለምን አትበይኝ። ሌላ መረብ ያልሽውን አሁን አይመቸኝም።

ዋና ያስተማረኝ ያክስታችን ልጅስ ደህና ነው? አሁንም ከወንዙ ራስ ጋ ክር ቀለም ይነክራል? ጥፍሩ ሰማያዊ የሆነ ሰው ባየሁ ቁጥር እሱ ይመስለኛል። ሚስቱን ሙሽሪትንም ሰላም በያት። ሃያ ዓመት ሙሉ ሙሽራ እየተባለች የኖረች ሴት ከእሷ ሌላ አላውቅም።

ቶሎ መልሽልኝ እትዬ። እባክሽ ቶሎ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 20

ወንድሜ፤

ሰላምታውን እንደ ነገሩ ተቀበለኝ። ስልክ ቤት ሄጄ እንዳልደውልልህ የስልክ ቤቷ ልጅ የሰማችውን ሳትነዛ አታድርም፤ ስለዚህ እየጻፍኩልህ ነው።

አለቁ። በኛ ኩሬ ያሉት ካርፖች አለቁ፣ የባለወፍጮዋም አለቁ፣ የግንበኛውም፣ የመበለቲቱም፤ በስምንቱም ቤት አንድ ካርፕ አልተረፈም። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ጨው የምጨምርለት ዓሣ አልነበረኝም። ዓይናቸው እንዳልከው ወደ ውስጥ ሰጥሟል፣ መተንፈሻቸው ነጥቶ በስብሷል፣ ቆዳቸው በእጅ ሲዳሰስ እንደ አሸዋ ይሻክራል። ጠዋት ጠዋት ነጭ ሆዳቸውን ገልብጠው ውሃውን ሸፍነውት እናገኛለን። በጋሪ እያመላለስን ጉድጓድ ከተትናቸው። ሽታው ልጆቼ ፀጉር ውስጥ ገብቷል፣ ሳጥባቸው አይለቅም።

እመት ስድስት ቀን ታገለች። ውሃው ውስጥ ቁጭ ብዬ ጭንቅላቷን ደግፌ ይዤ ነበር፣ እንደ ሰው። ጣቴን አፏ ውስጥ ሳደርግላት ልትጠባው ሞከረች፤ አልቻለችም። እንቁላሏን ሳትጥል ሆዷ እንደተወጠረ ሞተች። አባባን ሁለተኛ የቀበርኩት መሰለኝ።

መበለቲቱን ታውቃታለህ፤ ከዚያች አንድ ኩሬ በቀር ልጆቿን የምታበላበት የላትም። ኩሬው ዳር ተቀምጣ ጠጠር እየወረወረች ትውላለች።

አሁን ደግሞ ያደረግነውን ልንገርህ። ስብሰባ ተጠራ። ሁሉም «ምን መጣብን?» ይላል። እኔ ተነሥቼ «ቀለም ነው! የወንዙን ውሃ ቀልቶ በዓይኔ አይቻለሁ!» አልኩ። ሌላ ሰው አይደለም፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ያክስታችንን ልጅ ስም መጥራት እንኳ አላስፈለገኝም፤ በወንዙ ላይ ከእሱ ሌላ ቀለም የሚነክር ማን አለ? ወንዶቹ ግር ብለው ወጡ። ማቅለሚያ ቤቱን አፈረሱት፣ የሚፈላውን በርሜል ገለበጡት። እሱ ደግሞ ሞኝ፣ በርሜሉን ይዞ ሊያስቀር ሲታገል የፈላው ቀለም ሁለት እጁን እስከ ክርኑ ላጠው። ፖሊስ መጥቶ ውሃ መርዟል ብሎ ወሰደው። ልዋሽህ አልችልም ወንድሜ፣ ደስ አለኝ። እመትን በቀበርኩ በሦስተኛው ቀን ነበርና ደስ አለኝ።

ችግሩ፣ ማስረጃ አምጡ ተባልን። ለዚህ ነው የምለምንህ፤ የምትሠራበት እርሻ ማኅተም ያለበት ወረቀት ጽፈህ ላክልኝ። የቀለም ውሃ ካርፕ ይገድላል ይበል፣ ሌላ አልፈልግም። ሌሎቹ ዓሦች፣ አምባዛዎቹ፣ በዚያው ኩሬ ውስጥ ምንም ሳይሆኑ ይዋኛሉ፤ ወፍራም ቆዳ ስላላቸው ነው ይላሉ። እሱንም ጨምረህ አስረዳልኝ።

እህትህ


ግንቦት 9

እትዬ፤

ፈጣሪ ያጽናሽ። ሁላችሁንም ያጽናችሁ። ስለ እመት ሳነብ የሥራ ባልደረቦቼ ፊት አለቀስኩ፤ የሞተችው አክስቴ ናት አልኳቸው።

የወረቀቱን ነገር አልችልም። እኔ ሠራተኛ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። ቀለም ነው ብዬ መጻፍ አልችልም። አይደለም ብዬም… ተይው።

ሰውየውን ይልቀቁት በያቸው። አንቺ ብትለምኚያቸው ይሰሙሻል። እጁ እንዴት ሆነ? ያንን ብቻ ጻፊልኝ።

አሞኝ ስለነበር ነው ያሳጠርኩት።

ወንድምሽ


ግንቦት 24

ለወንድሜ፤

ጤና ይስጥህ። ስምንት መስመር ጻፍክልኝ፤ ቆጠርኩት። ስምንት ቤት አልቆ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ መስመር ደረሰው ማለት ነው።

እጁ እንዴት ሆነ ብለሃል። ቀኙ አመርቅዟል። ፖሊስ እያጀበው ሐኪም ቤት ያመላልሱታል፤ ሐኪሙ በዚህ ከቀጠለ መቁረጥ ነው ብሏል። ሙሽሪት በየቀኑ ደጃፌ ትመጣለች። አትጮህ፣ አትሰድበኝ። «እትዬ፣ አንቺ ተናግረሽ ነው የታሰረው፣ አንቺ ተናግረሽ አስፈቺልኝ፤ አንድ ቤተሰብ አይደለንም ወይ?» ትለኛለች። በር ዘግቼባት አውቃለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ አልጋ ሥር እንደተደበቀ ልጅ ትንፋሼን ውጬ እስክትሄድ ጠብቄያለሁ። የችሎቱ ቀን ሰኔ 28 ነው። ማስረጃ የለንም እንዳልል ደግሞ ሰባት ቤት እኔን ነው የሚያየው፤ «ወንድምሽ ያውቃል ብለሽ አልነበር?» ይሉኛል።

ደብዳቤዎችህን ሁሉ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። እኔ የጻፍኩልህ ሁለት ካርፖች አየር ይውጣሉ ብቻ ብዬ ነው። አንተ ግን «ዓይናቸው ገብቷል ወይ?» አልከኝ። ስለ ዓይን ማን ነገረህ? መተንፈሻቸው እንደሚነጣስ? ገና ሁለት ዓሣ ሲታመም «መረቡን ለማንም እንዳታውሺ» ያልከኝስ ለምንድን ነው?

ጭራሮ፣ እኔ ነኝ አዝዬ ያሳደግሁህ። ስትዋሽ የቱ ጋ እንደምትደናቀፍ አውቃለሁ። በእናታችን አጥንት ይዤሃለሁ፣ የምታውቀውን ንገረኝ። ወይም ደግሞ የማታውቅ ከሆነ ማልልኝና እኔም ልረፍ።

እህትህ


ሰኔ 6

እትዬ፤

መማል አልችልም።

እኔ የምሠራበት እርሻ ዓሦች አለቁ። የካቲት ላይ ነው። ሐኪሞች መጥተው የካርፕ ደዌ ነው አሉ፤ ሰው አይነካም፣ ሌላ ዓሣም አይነካም፣ ካርፕን ብቻ መርጦ ይገድላል። አምባዛዎቹ የተረፉት ለዚህ ነው፤ የቆዳ ነገር አይደለም። መድኃኒት የለውም። ጨው ያልኩሽ ምንም ሳልል ከምቀር ብዬ ነው። የቀሩትን ዓሦች ሁሉ በትእዛዝ ገደልናቸው፣ ከዚያ ቦት ጫማውም ባልዲውም መረቡም ተከምሮ ናፍጣ ተርከፍክፎበት ይቃጠል ተባለ። ክምሩ ላይ ያ መረብ አለ። አዲስ ነው እትዬ፣ ሁለቴ ነው ውሃ የገባው፣ የዋጋው ወረቀት እንኳ አልተነሣለትም። እኔና አንቺ በተቀደደ መረብ ላይ የጥጥ ክር እየጠቀምን አይደል ያደግነው? የእመት ቅርፊት ታየኝ። እጄ አልችል አለ። ክብሪቱ ሳይጫር መዝዤ አወጣሁት፤ ጭቃውን እዚያው ኩሬ ውስጥ ለቅለቅ አደረግሁለት፣ በላስቲክ ጠቀለልኩት፣ በዚያው ቀን ለሚሄደው ሰው ሰጠሁት።

አውቅ ነበር ወይ ብትዪኝ፣ አውቅ ነበር። በእርጥብ ዕቃ እንደሚሄድ ነግረውናል፣ አስፈርመውናል። የኛ ሰፈር ሩቅ ነው፣ መንገድ ላይ ይሞታል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ደንባችንን ረሳሁት። እርጥቡን እንደምታዞሩት አልመጣልኝም። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ላይ «ስምንቱንም ኩሬ በሦስት ቀን ዞረ» የሚለውን ሳነብ ያደረግሁት ገባኝ። የዚያን ዕለት መጻፍ ነበረብኝ። ለሰባቱ ቤት ምን እላለሁ? ለመበለቲቱ ምን እላለሁ? ስጨነቅ ስጨነቅ የሰው እጅ ፈላ። ዋና ያስተማረኝ ሰው እጅ።

ይሄን ለዳኛው አሳዪልኝ። ስሜን፣ የእርሻውን አድራሻ፣ የሐኪሞቹን ወረቀት ግልባጭ አብሬ አድርጌዋለሁ። ለሙሽሪትም እንዲሁ ጽፌላታለሁ፤ በራሷ ስም ልኬዋለሁ። አንቺን ሳላምን ቀርቼ አይደለም። ራሴን ነው የማላምነው፤ ለአንቺ ብቻ ብልክ ነገ ተነሥቼ «ቅደጂው» ብዬ የምጽፍልሽ ይመስለኛል።

ይቅር በዪኝ ለማለት አፍ የለኝም።

ወንድምሽ


ሰኔ 21

ለወንድሜ፤

ይሄን የምጽፍልህ ፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ወረቀቱን ጸሐፊው ነው የሰጠኝ። ሰላምታ አልጻፍኩም፤ ከየት እንደምጀምረው አላውቅም።

ቀኝ እጁን ባለፈው ሐሙስ ቆርጠውታል። ደብዳቤህ የደረሰኝ ቅዳሜ ነው። ሁለት ቀን ዘግይተሃል፤ ወይም ሦስት ወር፣ እንደ ፈለግህ ቁጠረው።

አንብቤ ስጨርስ አልሰደብኩህም፣ አላለቀስኩም። አጣጥፌ ጡቴ ሥር ከተትኩት። ቅዳሜ ዝም አልኩ፣ እሑድ ዝም አልኩ። አስበው እስቲ፤ መረቡን ያዞርኩት እኔ፣ ሰውየውን የወነጀልኩት እኔ። ቀልቶ አየሁት ያልኩትንም ውሃ፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ አላየሁትም። ማየት ስለፈለግሁ ነው ያየሁት። ይሄ ከወጣ ለልጆቼ ውሃ የሚያቀብላቸው ይኖራል? ስለዚህ ልቀደው ወሰንኩ። እየፈራሁ አይደለም የምነግርህ፤ ወስኜ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሙሽሪት መጣች። በእጇ ደብዳቤ ይዛለች። ለአንተ ስንቱን ጻፍኩልህ፣ አንድ ነገር ግን ረሳህ፤ ሙሽሪት ማንበብ አትችልም። ባሏ ነበር የሚያነብላት። ባሏ ሐኪም ቤት ተኝቷል፣ ፖሊሱም ወረቀት አያስገባለትም፤ እና ሴትየዋ በሰፈሩ ውስጥ ፊደል የቆጠረ ሁሉ እያለላት ወደኔ መጣች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀመጠች። «ከውጭ ነው አሉኝ፤ ወንድምሽ ነው መሰለኝ። አንብቢልኝ እትዬ» አለችኝ።

ከፈትኩት። ሰላምታህን አነበብኩላት፣ እሱ እውነተኛ ነበር። ከዚያ «መረቡን የላክሁት እኔ ነኝ» የሚለው ጋ ስደርስ አፌ የራሱን መንገድ ያዘ። «አይዞሽ፣ በርቺ ይልሻል። ፈጣሪ ያውጣው፣ እጁንም ይማርለት ይላል። እዚህ ሆኜ እጸልያለሁ ይላል» አልኳት። ዓይኔ ያንተን እያየ አፌ ሌላ ይናገራል፤ እንዲህ ያለ ችሎታ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

ወረቀቱን ገልብጣ አየችው። ሁለት ገጽ ነው፣ ከላይ እስከ ታች የሞላ። «ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ይቺን ብቻ ነው የሚለው?» አለች። «እሱ ነገር ይደጋግማል» አልኳት። ፈገግ አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርሷን አየሁት። «ምስኪን፣ አስታወሰን» አለችና እጄን ይዛ ሳመችው። እኔን እጄን። ከዚያ ደብዳቤውን አጣጥፋ ወጣች፤ ባሏ ጋ ልትሄድ ነው፣ ሰላም ብሎሃል ልትለው።

እጄን እያየሁ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ስነሣ ነጠላ ጫማዬን እንኳ አላጠለቅኩም። ዳቦ ቤቱ ጋ ደረስኩባት። ሰው ዳቦ ለመግዛት ተሰልፏል፤ ባለወፍጮዋ አለች፣ መበለቲቱም አለች። «ሙሽሪት፣ ተሳስቼ ነው ያነበብኩልሽ፣ አምጪው» አልኳት። የታመምኩ መስሏት ክንዴን ያዘችኝ። ተቀብያት እዚያው ቆሜ ከላይ ጀመርኩ። ጮክ ብዬ። ክምሩን፣ ናፍጣውን፣ እርጥቡን መረብ፣ አምባዛዎቹን፣ አንድ ቃል አልዘለልኩም። ዳቦ ሻጩ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። መበለቲቱ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ስጨርስ ሙሽሪት አላለቀሰችም። «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። ሁለተኛውን ስጨርስ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና ፊቴን አየችኝ፤ ልጅ ሆነን አብረን ውሃ ስንቀዳ እንኳ እንደዚያ ቀርባ አይታኝ አታውቅም።

«መጀመሪያ ያነበብሽልኝስ የማን ነበር?» አለችኝ።

«የኔ» አልኳት።

አሁን አጠገቤ ተቀምጣለች። መርማሪው ምሳ ወጥቷል፣ ሲመለስ መጀመሪያ እኔን ነው የሚጠራኝ። ካሰሩኝ ልጆቼን ማን እንደሚያሳድራቸው አላውቅም። ሰፈር ውስጥ የጠየቅሁት ሁሉ እምቢ ብሎኛል። እሷ ብቻ፣ ወደኔ ሳትዞር «እኔ ጋ ይደሩ» አለች።

እህትህ